ጉባኤ ቃና ያልቆጠረ መወድስ አይሰማም፦ ዌብሳይት ላይ ለአባል ብቻ የሚከፈት ክፍል አሠራር

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብለው ቅኔ የሚያስተምሩ የኔታ አሉ፣ ድምፃቸውን እየቀዳን ዌብሳይት ላይ ስንጭን ከረምን። አንድ ቀን ጠሩኝና "ልጄ፣ ብሩን ተወው፣ ግስ ያላወረደ ልጅ መወድስ እየሰማ ሊበላሽብኝ ነው፣ በተራው ብቻ የሚገባበት አርገህ ሥራልኝ" አሉኝ። ግስ መጀመሪያ የሚማሩት የግእዝ ግሦች ትምህርት ነው፣ መወድስ ግን ብዙ ቆይቶ የሚደረስበት የቅኔ ዓይነት ነው። እኔ ደሞ ለአባል ብቻ ሲባል ሁሌ ክፍያ ነበር የሚመስለኝ። እንደዛ አይደለም ለካ፣ ማን ምን በየትኛው ተራ ማየት አለበት ነው ነገሩ።

ስለዚ ኮምፒውተሩን ሳትከፍቱ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉት። እኛ ትምህርቱን በአራት ደረጃ ከፈልነው፣ ግስና አገባብን (የግእዝ ሰዋስውን) አንድ፣ ባለ 2 ቤቱን (ቤት ማለት ስንኝ ነው) ጉባኤ ቃና ሁለት፣ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ የሚባሉትን ቅኔዎች (ሁለቱም 3 ቤት ናቸው) ሦስት፣ ከዋዜማ እስከ 8 ቤቱ መወድስ ያለውን አራት አርገን ቆረጥነው። እኔ ለየቅኔው ዓይነት አንድ አንድ ደረጃ ላብጅ ብዬ ነበር፣ ይቅርባችሁ፣ ሰው በበዛ ቁጥር ማን የት እንዳለ ራሳችሁም ይጠፋባችኋል። ለማንም ክፍት የሚሆነውንም እዛው ወስኑ። የኔታ ቅኔው ራሱ ለሁሉም ይነበብ፣ ሰሙና ወርቁ የሚፈታበት ድምፅ ግን ይቆለፍ አሉ፣ ከዚህ የተሻለ ማስቀመሻ እኔም አላውቅም።

አሁን ወደ ሥራው። የናንተ ነገር 10 ሰው ለማይሞላ ቡድን አንድ ሁለት ገጽ ብቻ ከሆነ ፕለጊን (ዌብሳይቱ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) ምናምን አያስፈልግም፣ ዌብሳይት መሥሪያው ዎርድፕረስ ራሱ ጽሑፉን ስታወጡ በፓስዎርድ መዝጊያ አለው፣ አንዴ ያስገባ ሰው ብሮውዘሩ 10 ቀን ያስታውስለታል። ችግሩ ፓስዎርዱ ለሁሉም አንድ ነው፣ አንዱን ልጅ ብታስወጡት ፓስዎርዱን ይዞ ነው የሚወጣው።

ከዛ ካለፈ የራሳችሁ ሆስቲንግ (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት የኪራይ ሰርቨር) ላይ ያለ ዎርድፕረስ ይኑራችሁና ፔይድ ሜምበርሺፕስ ፕሮ የሚባለውን ፕለጊን ጫኑ። ፔይድ (የተከፈለበት) ስለሚል አትደንግጡ፣ ዋናው ፕለጊን በነጻ ነው፣ ደረጃውንም በ0 ብር መሥራት ይቻላል። ደረጃዎቹን ስትፈጥሩ አዲስ ሰው በራሱ እንዳይመዘገብ የሚከለክለውን ቦክስ ምልክት አድርጉበት፣ ከዛ የኔታ "እገሌ አልፏል" ሲሉ እናንተ የልጁ ፕሮፋይል ገብታችሁ ደረጃውን ትቀይራላችሁ። እያንዳንዱን ትምህርት ስታወጡ ደሞ ጎን ላይ የትኛው ደረጃ ያለው ሰው ይየው የሚል ዝርዝር አለ፣ እሱ ላይ ነው ምልክት የሚደረገው። እኔ እዚች ጋ ተሳስቼ ጉባኤ ቃናው ላይ ሁለተኛውን ደረጃ ብቻ ነክቼ ተውኩት፣ በነጋታው መወድስ የደረሰ ጎበዝ ልጅ "ወደ ኋላ ተመልሼ ልከልስ ብል ዘጋብኝ" ብሎ ደወለ። ፕለጊኑ አራተኛ የደረሰ ሁለተኛንም አልፏል ብሎ አይገምትም፣ የታችኛው ትምህርት ላይ የላይኞቹንም ደረጃዎች አንድ በአንድ መንካት አለባችሁ።

ስለ መግቢያ ስም፣ ስልክ ቁጥራቸውን አርጉላቸው፣ ሰው የራሱን ስልክ አይረሳም። ኢሜይል ዎርድፕረስ የግድ ይጠይቃል፣ ግማሾቹ አልነበራቸውምና ከፈትንላቸው። ፓስዎርድ የረሳ ሰው የሚላክለት ኢሜይል ስፓም ውስጥ ይገባል ወይ ጭራሽ አይደርስም፣ እሱን ለማስተካከል ኤስኤምቲፒ የሚያገናኝ፣ ማለትም ኢሜይሉን በእውነተኛ የኢሜይል አካውንት በኩል የሚልክ ፕለጊን ጨምሩ።

እሺ አሁን ዋናው ጣጣ። ሁሉን ቆልፌ ጨርሻለሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ማርቆስ ቡና እየጠጣሁ ሳለ አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ስልክ ላይ የየኔታ ድምፅ ይሰማኛል፣ ያውም መወድሱ! "ከየት አመጣኸው?" ስለው "ቴሌግራም ላይ ሊንክ ተለቆ ነው" አለ። ሊንኩን በኔ ስልክ ከፈትኩት፣ ሎግኢን እንኳ አልጠየቀኝም። ለካ የተቆለፈው ገጹ ነው እንጂ ፋይሉ አይደለም። ዎርድፕረስ የምትጭኑትን ድምፅም ሆነ ፒዲኤፍ አፕሎድስ በሚባል ፎልደር ነው የሚያስቀምጠው፣ እሱ ደሞ ለሁሉም ክፍት ነው፣ አድራሻውን ያወቀ ሁሉ በቀጥታ ይከፍተዋል፣ በሩን ዘግቶ የኋላ መስኮቱን ወለል አርጎ መተኛት ማለት ነው። አንድ አባል ገጹ ላይ ያለውን ድምፅ ተጭኖ ሊንኩን ኮፒ አርጎ ለጓደኛው ከላከ በቃ አለቀ።

መፍትሄው ፋይሎቹን ከዛ ፎልደር አውጥቶ፣ አንድ ፕለጊን መጀመሪያ "ይሄ ሰው ገብቷል ወይ፣ ደረጃው ይፈቅዳል ወይ" ብሎ አይቶ ራሱ እንዲያቀብል ማድረግ ነው። ፋይል የሚጠብቁ ፕለጊኖች ይሄን ይሠራሉ። ግን ብዙዎቹ ፎልደር በምትዘጋ ኤችቲአክሰስ በምትባል ፋይል ላይ ተማምነው ነው፣ እሷን አፓቼ የሚባለው የሰርቨር ፕሮግራም ያነባታል፣ ሌላው ኤንጂንኤክስ ግን ዞር ብሎም አያያትም። ስለዚ ሆስቲንጋችሁን የትኛው ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ ኤንጂንኤክስ ከሆነ ፎልደሩን እነሱ እንዲዘጉላችሁ አድርጉ። ያው አባል የሆነ ሰው በሌላ ስልክ ቢቀዳው ምንም አታመጡም፣ የኔታም "እሱስ የተማረው ነው፣ ይቅዳ" ብለው አለፉት።

ሌሎችም ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ካሽ የሚያደርግ (ገጹ ቶሎ እንዲከፈት ኮፒውን የሚያስቀምጥ) ፕለጊን ካላችሁ ለገባ ሰው የታየውን ገጽ አስቀምጦ ላልገባውም ሊያሳይ ስለሚችል፣ ለአባላት ካሽ አታድርግ የሚለውን አብሩ። ቅንብሩ ውስጥ ንባብ የሚለው ጋ ገብታችሁ ደሞ ፊዱ (አዳዲስ ጽሑፎችን ለሌሎች አፖች የሚያደርሰው) ሙሉ ጽሑፍ ሳይሆን ቅንጭብ ብቻ እንዲያወጣ አድርጉት። ጽሑፉን በዲዛይን ብቻ ደብቀው "ቆለፍኩ" የሚሉም አሉ፣ የገጹን ሶርስ (ኮዱን) የከፈተ ሰው ሁሉንም ያነበዋል።

ብር የምትቀበሉ ከሆነ በአጭሩ፣ ስትራይፕ የሚባለው የውጭ የክፍያ አገልግሎት እዚህ አገር ላለ ነጋዴ አካውንት ስለማይከፍት የውጭ ቪዲዮ እያያችሁ ጊዜ አትፍጁ። የአገር ውስጡ የክፍያ አገልግሎት ቻፓ ዉኮሜርስ ከሚባለው የዎርድፕረስ መሸጫ ፕለጊን ጋር ይያያዛል፣ ሰው ጥቂት ከሆነ ግን በቴሌብር አስልኮ ደረሰኙን አይቶ ደረጃውን በእጅ መክፈት ይቀላል፣ ፕሮፋይሉ ላይ ማብቂያ ቀንም ይሞላል።

ድምፁን ስትጭኑ ኔቱን አስቡት፣ ከገጠር የሚያዳምጥ ልጅ አለ። ለንግግር በሞኖ (በአንድ ቻናል) በሰከንድ 32 ኪሎቢት ይበቃል፣ ግማሽ ሰዓት ትምህርት 7 ሜጋባይት አካባቢ ይወጣል።

ሲያልቅ ዌብሳይታችሁን ከፍቶ የማያውቅ የሰው ስልክ ተዋሱ። የተቆለፈውን ገጽ ክፈቱ፣ ቀጥሎ የድምፁን ሊንክ ለብቻው ለጥፉበት፣ ከዛ በየደረጃው አንድ አንድ የውሸት ተማሪ ፈጥራችሁ በሁሉም ግቡ፣ በተለይ በአራተኛው ገብታችሁ ጉባኤ ቃናውን ሞክሩት።