"ካስፈለገሽ ደውዪ" እና ሌሎች ስህተቶች፦ ሰው ሆስፒታል የገባበትን ቤት ስናግዝ

አምና እናቴ ታማ ሆስፒታል ስትተኛ 19 ቀን ያስታመምኳት እኔ ነኝ፣ እና እውነቱን ለመናገር ከዛ በፊት ሰው ስጠይቅ ምን ያህል እሳሳት እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ትንሽ ነገር በጣም ታግዛለች፣ ግን ካላወቅንበት የደከመ ሰው ላይ ሌላ ስራ ጨምረንበት ነው የምንሄደው።

"ካስፈለገሽ ደውዪ" ብሎ መሄድ

ማንም አይደውልም። አንደኛ ይሉኝታ አለ፣ ሁለተኛ ሶስት ሌሊት ያልተኛ ሰው ምን እንደሚያስፈልገው ራሱም አያውቀውም። አንዲት ጎረቤታችን፣ እማማ ነው የምንላቸው፣ ምንም ሳይጠይቁኝ "የቤቱን ቁልፍ ስጪኝ" አሉኝ በቃ። ማታ ልብስ ልቀይር ስመጣ የሸተተው እቃ ታጥቧል፣ መሶቡ ውስጥ እንጀራ አለ፣ ባልዲው ጀሪካኑ ሁሉ ውሃ ሞልቷል (ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው፣ የኛ ተራ ሀሙስ እንደሆነ እኔ ጭራሽ ረስቼዋለሁ)። ቁጭ ብዬ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው። ስለዚህ "ምን ላግዝሽ" ከማለት "ነገ ልጆቹን ከትምህርት ቤት እኔ አመጣቸዋለሁ" በሉ፣ ካልፈለጉ እነሱ አይሆንም ይሏችኋል።

ሁሉም ሰው ሙዝና ጁስ ይዞ መምጣት

አንድ እሁድ ኮመዲኖው ላይ 11 የማንጎ ጁስ ቆጠርኩ፣ እናቴ ደሞ ስኳር አለባት! ነርሷ "ሱቅ ልትከፍቱ ነው እንዴ" ብላ ሳቀችብን። በሽተኛው የሚበላው ሀኪም ያለውን ነው፣ በረሃብ የሚያልቀው አስታማሚው ነው፣ እሱን ደሞ ማንም አያየውም። ሻይ በፔርሙዝ፣ ዳቦ በእንቁላል፣ ሶፍት፣ ነጠላ ጫማ፣ ወንበር ላይ ለሚያድር ሰው ጋቢ፣ ፓወር ባንክ (እኛ ክፍል ስምንት አልጋ ሆኖ የሚሰራው ሶኬት አንድ ነበር)። ምግብ ከሆነ ቀኑን አስቡ፣ ለሚጾም ቤተሰብ አርብ ቀን ዶሮ ወጥ ይዞ መሄድ ያው ለፍሪጅ ማምጣት ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የየራሱን ስጋ ነው የሚበላው፣ ስለዚህ ሃይማኖታችሁ ከተለያየ ሽሮና ዘይት ይዛችሁ ሂዱ፣ ማንንም አያሳቅቅም።

የመድሃኒቱን ወረቀት አለመጠየቅ

እኔን ከሁሉም የገደለኝ ይሄ ነው። መድሃኒት ይታዘዛል፣ የሆስፒታሉ ፋርማሲ "የለም" ይላል፣ ከዛ ከአንዱ ከነማ ፋርማሲ ወደ ሌላው፣ ቀይ መስቀል ፋርማሲ እያልሽ ስትዞሪ እናትሽ ብቻዋን ናት። የአጎቴ ልጅ ሊጠይቅ መጥቶ ገና ሳይቀመጥ ማዘዣውን ፎቶ አንስቶ ለሶስት ጓደኞቹ በቴሌግራም ላከው፣ አንዱ ፒያሳ አንዱ ሜክሲኮ አንዱ መገናኛ፣ እያንዳንዳቸው አጠገባቸው ያለ ፋርማሲ ገብተው ጠየቁ፣ አንድ ሰአት ሳይሞላ ተገኘ። አንድ ብርም አላወጡም እኮ! የመድሃኒቱ ስምና ሚሊግራሙ በደንብ ይታይ እንጂ የበሽተኛውን ስም ሸፍኑት፣ ሲገዛ ደሞ ዋናው ወረቀት ስለሚጠየቅ ያዙት።

ደም ሲባል ስልክ መዝጋት

ያልደረሰበት አያውቀውም። እድሜያችሁ ከ18 እስከ 65 ከሆነ፣ ከ45 ኪሎ በላይ ከሆናችሁና ጤነኛ ከሆናችሁ በየ3 ወሩ መስጠት ትችላላችሁ። በባዶ ሆድ ብቻ እንዳትሄዱ፣ ውሃም ጠጡ። ደም መስጠት ካልቻላችሁ ደሞ የሚሰጥ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ታክሲ ክፈሉለት፣ እሱም እገዛ ነው።

"የእከሌም እናት እንዲሁ ጀምሯት..."

ሞተች፣ አዎ፣ ሰምተናል። እባካችሁ። አልጋው ላይ ያለች ሴትዮም ጆሮ አላት።

ፎቶ ማንሳት

ጋውን ለብሳ ፀጉሯ ተንጨባሮ የተኛችን እናት "ፀልዩላት" ብሎ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ... ልጇን ጠይቁ ቢያንስ።

የመጀመሪያ ሳምንት ጎርፎ መጥፋት

ባህላችን ለለቅሶ ነው የተሰራው እላለሁ አንዳንዴ። ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳኑን ይተክላል፣ ወንበሩን ያወጣል፣ ብሩን ይሰጣል፣ ሰው ይመጣል፣ ይታደራል። ለበሽተኛ ግን ድንኳን የሚተክል የለም፣ ሶስት ወር ቤት ተኝታ ስትቆይ ጠያቂው እየሳሳ ሄዶ በሁለተኛው ወር በሩን የሚያንኳኳው ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ሆነ። ከሆስፒታል ወጣች ማለት ዳነች ማለት አይደለም፣ ቀጠሮ አለ፣ ምርመራ አለ፣ ኮንትራት ታክሲ አለ። አንድ የስራ ባልደረባዬ እነዛን ሶስት ወር በሙሉ አርብ አርብ በቴሌብር 200 ብር ይልክልኝ ነበር፣ ተከትሎ ሁሌ ያው አንድ ሜሴጅ ይገባል፣ "ለታክሲ ነው፣ አትመልሺልኝ፣ አትደውዪ።" እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ እንኳን አላልኩትም፣ አትደውዪ ብሎኝ የለ።