የካሪቢያን የስኳር ንፋስ ወፍጮ ፍርስራሽ ሞዴል በካርቶን አሰራር

የአርክቴክቸር ተማሪ ወይ እንዲሁ ሞዴል መስራት የምትወዱ ካላችሁ ይሄን ሞክሩት፣ ሲያዩት ክብ የድንጋይ ማማ ብቻ ነው ግን ቀዳዳዎቹን በትክክል ካላወጣችሁ ምን እንደነበር አይታወቅም።

እኔ የምመርጠው ሴንት ጆን ደሴት ላይ ያለውን አናበርግን ነው (ያኔ የዴንማርክ ነበር፣ በ1917 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ተሸጠ)። ልኩ ስለሚታወቅ ግምት የለም፦ ቁመቱ 38 ጫማ፣ ወርዱ ከስር 34፣ ከላይ 20። በ1 ለ 50 ሲወርድ ቁመቱ 23 ሳንቲም አካባቢ ይመጣል።

ካርቶን ባካችሁ አትግዙ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆችን ለምኑ። ኮላና ከተር ስቴሽነሪ አለ፣ ስቱኮ ከቀለም መሸጫ።

ከአንድ ነጥብ ተነስታችሁ በክር ሁለት ቅስት ሳሉ፣ አንዱ ራዲየሱ 57 ሌላው 33.5 ሳንቲም፣ ማዕዘኑ 65 ዲግሪ፣ ለማጣበቂያ ትንሽ ጨምሩ። የካርቶኑ ሞገድ ከታች ወደ ላይ ይቁም፣ የውስጡን ፊት አርጥባችሁ ከላጣችሁት ሳይሰበር ይጠቀለላል።

ከመጠቅለላችሁ በፊት ግን ቀዳዳዎቹን ቁረጡ፣ ዋናው ስራ እዚህ ጋ ነው። እነዚህ ወፍጮዎች ላይ ብዙ ጊዜ አንዱ በር ሸንኮራ ይገባበታል፣ በሌላው ባጋሱ (ተጨምቆ የቀረው ገለባ) ይወጣል፣ ጠባቡና ረጅሙ ስንጥቅ ደሞ ማሽኑን ለማስገባትና ለማውጣት የተተወ ነው፣ ብዙ ሰው መስኮት መስሎት ያሳጥረዋል ያስጠላል። ውስጥ ሶስት ሮለር ቆሞ ነበር፣ ሸንኮራው በአንደኛውና በሁለተኛው መሀል ገብቶ በሁለተኛውና በሶስተኛው ይመለሳል፣ ጭማቂው በቦይ ቁልቁል ወደሚፈላበት ቤት ይወርዳል፣ ስለዚህ ቤዙን ተዳፋት አርጉት። ሸንኮራውን የሚያጎርሱት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩ፣ እጅ በሮለር ከተያዘ ክንድ ለመቁረጥ መጥረቢያ አጠገብ ይቀመጥ ነበር፤ ዴንማርክ እዛ ባርነትን ያስቀረችው በ1848 እ.ኤ.አ. ነው። እና የሰው ምስል የምታቆሙ ከሆነ ካሜራ የያዘ ቱሪስት ብቻ አታርጉት።

ክንፍና ጣሪያ አትስሩ፣ እንጨቱ ጠፍቶ የቀረው ግንቡ ነው። ስቱኮ ከአሸዋ ጋር ቀብታችሁ ሳይደርቅ በእርሳስ ድንጋይ ድንጋይ አስመስላችሁ ቅረፁ፣ ግንቡ ውስጥ ኮራልም ጡብም ስላለ አንዳንዱን ነጣ፣ አንዳንዱን ቀላ፣ ሌላውን በቡና አተላ ውሃ ጠቆር አርጉ። ክረምት ላይ ከሆነ ቶሎ አይደርቅም፣ ማታ ቀብታችሁ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ይዛችሁ እንዳትገቡ፣ ማማውንም ከቤዙ ጋር የምታጣብቁት ከደረሳችሁ በኋላ ይሁን።