የፎንዳንት ዓሣ ከጣና አሁን የወጣ እንዲመስል

ባሕር ዳር ላይ ኬክ የሚሠራ ሰው አንድ ቀን «ጣና ያለበት ይሁንልኝ» መባሉ አይቀርም። ሐይቁን፣ የደንገል ታንኳውንና ዓሣውን በፎንዳንት፣ ማለትም እንደ ሊጥ በሚዳመጥ የኬክ ማስጌጫ ስኳር፣ መቅረጽ ብዙም አያስቸግርም። ችግሩ ፎንዳንት ሲደርቅ ይደበዝዛል፤ ዓሣው ዱቄት ውስጥ የዋለ ይመስላል። መፍትሔው የሚያብረቀርቅ ቅብ ነው።

መጀመሪያ የቱ እንደሚያብረቀርቅ ወስኑ። ሁሉም ካንጸባረቀ እርጥብ ሳይሆን ፕላስቲክ ነው የሚመስለው። ታንኳው ደረቅ ደንገል ነውና ደብዛዛነቱ ያምርበታል፤ ውኃ የሚነካው ጠርዙ ብቻ ቢቀባ ይበቃል።

ቅርጹን ሠርታችሁ ቢያንስ አንድ ቀን አየር ላይ አድርቁት፤ ቀለም ካለው ቀለሙም ይድረቅ። ሲዳመጥ እንዳይጣበቅ የተነሰነሰውን ስታርች ወይም አይሲንግ ሹገር በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። ይህን የዘለለ ሰው ሲቀባ ነጭ ነጭ ጭረት ይወጣበታል።

ለቅቡ እኩል መጠን ግሉኮስ ሲረፕና ቮድካ ይበቃል፤ ለጥቂት ዓሦች አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ። ሲረፑ ወፍራም ስለሆነ በሲኒ አድርጋችሁ ሲኒውን ሙቅ ውኃ ውስጥ አቁሙት። ሲለሰልስ ከምድጃው ራቅ ብላችሁ ቮድካውን ጨምሩ፤ አልኮል እሳት ይይዛል። ውኃ ብቻውን ስኳሩን እያሟሟ ፎንዳንቱን ያበላሸዋል። የቮድካው አልኮል ግን ቶሎ ይተናል፣ ብርሃን የሚያንጸባርቀው ሲረፕ ይቀራል። አረቄ ሽታው ስለሚከብድ ይቅርባችሁ። ማርም ቢሆን ቀለሙን ያጠይመዋል፣ መጣበቁንም አይተውም።

ብሩሹን ነክራችሁ ሲኒው ጠርዝ ላይ አራግፉ፤ ከዚያ ከራስ ወደ ጭራ አንዴ ብቻ ሳቡት። ተመላልሶ መቀባት ከሥር ያለውን ቀለም ያነሳዋል። ቆሮሶ ከሆነ በቅርፊቶቹ መሃል የተጠራቀመውን በስቴኪኒ ጫፍ አንሱ፤ ካልሆነ ቅርፊቱ ይሸፈንና ልፋታችሁ ከንቱ ይቀራል። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ቆዳው ራሱ ልስልስ ነው፤ እሱን ሁለት እጅ መቀባት ይቻላል፣ የመጀመሪያው ሲደርቅ። ለሁሉም ግን ዓይኑ ላይ አንድ ወፍራም ጠብታ አስቀምጡና አትንኩት። እኔ ጊዜ ቢያጥረኝ ሌላውን ትቼ ይህችን ጠብታ አልተውም።

አልኮል የማይነካ ደንበኛ ካለ ለምግብ የተዘጋጀ የገም አረቢክ (የግራር ሙጫ) ዱቄት አንድ እጅ በሦስት እጅ ለብ ያለ ውኃ በጥብጡ፣ አጥልሉ፣ በስሱ ቀቡ። በሐምሌና በነሐሴ የሐይቁ ዳር አየር ራሱ እርጥብ ስለሆነ የሲረፑ ቅብ እጅ ላይ መጣበቁን ላይተው ይችላል። ያኔ ሼላክ (ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ) ያለበት የጣፋጭ መቀቢያ ካገኛችሁ ጠንክሮ ስለሚደርቅ እሱ ይሻላል። እንፋሎትም አለ፦ ዓሣውን ከሚፈላ ማንቆርቆሪያ አፍ አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ ለጥቂት ሰከንድ ማዟዟር። የቀረውን ስታርች ድራሹን ያጠፋዋል፣ ድምቀቱ ግን ሲደርቅ ይቀንሳል። የጥፍር ቀለምና የፀጉር ስፕሬይ የሚቀቡም አሉ፤ የሚበላ ነገር ላይ በጭራሽ አይሆንም።

ለሐይቁ ራሱ በጥቂት ሰማያዊ ቀለም የተነካ ጄል፣ ማለትም በጄላቲን የሚረጋ ፈሳሽ፣ ይሻላል። ቀዝቅዞ ሳይረጋ በስሱ አፍስሱት፤ ትኩስ ከሆነ ፎንዳንቱን ያቀልጠዋል። ሲቆይም ከሥሩ ያለውን ስኳር ስለሚያሟሟ በዝግጅቱ ዕለት ይሁን። ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ስለሚሠራ ለጾም ኬክ ከባሕር አረም የሚሠራውን አጋር አጋር ተኩበት፤ የፎንዳንቱንም ማሸጊያ አንብቡ፣ ጄላቲን ያለበት ብዙ ነው።

ያለቀው ቅርጽ ፍሪጅ አይግባ። ሲወጣ ላብ ያወጣና ቅቡ ይወርዳል፤ ኬኩ የግድ ፍሪጅ ካስፈለገው ዓሦቹን ለብቻ አቆይታችሁ መጨረሻ ላይ ደርድሩ። ሐይቁ ዳር ፎቶ የሚነሣ ከሆነም ኬኩ ጥላ ውስጥ ይቆይና ካሜራው ሲዘጋጅ ብቻ ይውጣ።