ለሰፈር ሰው ዶሮ ስትሸጡ ዋጋውን ከደብተር አውጡት

የመጀመሪያዎቹን 30 ዶሮዎች ስሸጥ ደብተር አልነበረኝም። ደሴ፣ ሆጤ ካለው ቤታችን ጓሮ ነው ያሳደግኳቸው። ለእንቁጣጣሽ ደረሱ፤ ሰውም እየመጣ ወሰደ። ብሩን ቡና ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅም ነበር። በዓሉ አልፎ ስቆጥረው ብዙ መሰለኝና ደስ አለኝ። በማግስቱ የመኖ ሻጩን ቀሪ ሂሳብ ከፈልኩ። ለጫጩት መግዣ ከእህቴ የተበደርኩትንም መለስኩ። ቆርቆሮው ባዶ ሆነ። ወራት ሙሉ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ስነሳ ከርሜ በእጄ የቀረ አንድ ብር አልነበረም።

ያከሰረኝ ገበያው አይደለም። ይሉኝታ ነው። አብረን ቡና የምንጠጣ እናት መጥተው «ለኔማ ቀንሺልኝ እንጂ ልጄ» ሲሉኝ ምን ልበል? ቀነስኩ። ለእሳቸው የቀነስኩትን የሰሙ ሌሎች ስድስት ሰዎችም መጡ። ለእነሱም ቀነስኩ። ዶሮው ስንት እንደፈጀብኝ ስለማላውቅ የምቀንሰው ከትርፌ ይሁን ከኪሴ አላውቅም ነበር። ይሉኝታ የሚያሸንፈው ቁጥሩን የማያውቅ ሰው ነው።

አሁን ዋጋዬ ከደብተር ነው የሚወጣው። የ2017 ገና ሂሳቤን እንዳለ ላስቀምጥላችሁ። ቁጥሩ የዚያ ጊዜ ነው። እናንተ የራሳችሁን ሰፈር ዋጋ ተኩበት፤ አካሄዱ ያው ነው።

ሳሶ ከሚባለው የፈረንጅ ዝርያ የ45 ቀን ወንድ 50 ገዛሁ። አንዱ 250 ብር፣ በድምሩ 12,500። ለ75 ቀን 3 ኩንታል መኖ በሉ፤ ኩንታሉ 4,600 ስለነበር 13,800 ብር። ክትባት፣ ቫይታሚንና መድኃኒት 900። ሰጋቱራ 600። ማጓጓዣ 700። ሁሉም ሲደመር 28,500 ብር።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ለ50 ያካፍልና «አንዱ 570 ፈጀብኝ» ይላል። እኔ ግን የቀሩኝ 46 ናቸው፤ 4ቱ ሞተዋል። የሞተውም ሲገዛ ገንዘብ ወጥቶበታል፣ እስኪሞትም በልቷል። የእሱን ወጪ በሕይወት ያሉት ናቸው የሚሸከሙት። ለ46 ሲካፈል 620 ገደማ ይሆናል። 50 ብር በአንድ ዶሮ ላይ ትንሽ ሊመስል ይችላል። በ46 ዶሮ ግን ግማሽ ኩንታል መኖ ነው።

ገና አላለቀም። የራሴን ጉልበት በቀን 60 ብር አስቤ ለ75 ቀን 4,500 ብር ጻፍኩ። 60 ብር ለቀን ሥራ ምንም አይደለም፤ ነገር ግን ዜሮ ብዬ ከመጻፍ ይሻላል። ቤቱን ለማሠራት 9,000 ብር ወጥቷል። 15 ዙር ያገለግለኛል ብዬ ለአንድ ዙር 600 ብር ያዝኩ። ድምሩ 33,600 ደረሰ። ለ46 ሲካፈል 730 ብር። ይህች 730 ወለሌ ናት። ማንም ቢመጣ፣ እናቴም ብትሆን፣ ከዚህ በታች መሸጥ ማለት ከኪሴ መክፈል ነው።

ከወለሉ በላይ ስንት ልጨምር? ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛው የሚቀጥለው ዙር ነው። በየዙሩ ጫጩቱም መኖውም ሲወደድ ነው ያየሁት፤ የዛሬው ሽያጭ የነገውን ጫጩት መግዛት አለበት። ሁለተኛው ገበያው ነው። በዓል ሳምንት ሲቀረው ሰኞ ገበያ ባዶ እጄን እሄዳለሁ። ሻጩ የሚጠራውን አልሰማም። ገዥው ቆጥሮ የሚሰጠውን አያለሁ። አንድ ሰዓት ብትቆሙ ይገባችኋል። የተጠራውና የተከፈለው ብዙ ይራራቃሉ።

ለዚያ ገና ሦስት ዋጋ አወጣሁ። ከ2 ኪሎ በታች 850፣ ከ2 እስከ 2 ተኩል 950፣ ከዚያ በላይ 1,100። 14፣ 20 እና 10 ሆነው 44 ተሸጡ። 41,900 ብር ገባ። አንዱን እኛ በላን፤ አንዱን ስጦታ ሰጠሁ። በስጦታው ጉዳይ እመለስበታለሁ።

ሚዛን ግዙ። በእኛ አገር ዶሮ የሚገዛው በእጅ ነው። ክንፉን ይዞ ያነሳዋል፣ ደረቱን ይዳብሳል፣ አጥንቱ እጁን ከወጋው መልሶ ያስቀምጠዋል። ይህን ማንም አይከለክልም፤ ዳብሱ እላለሁ። ከዚያ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልዬ ሚዛን ላይ አንጠለጥለዋለሁ። ቁጥሩን ገዥው ራሱ ያነባል። ክርክሩ ግማሹ እዚያው ያልቃል። አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ ንገሩ፦ ሚዛኑ የቆመ ዶሮ ሚዛን ነው። ታርዶ፣ ላባና ሆድ ዕቃው ወጥቶ ሲጸዳ ከሦስት እጅ አንዱ ያህል ይሄዳል። ይህን ሳይሰማ የገዛ ሰው ድስት ላይ ሲያየው የተታለለ ይመስለዋል።

ሳሶን ሀበሻ ነው ብላችሁ አትሽጡ። ቀዩ ሳሶ ከሩቅ ሲታይ የሀበሻ አውራ ይመስላል። ይህን ተጠቅሞ የሚሸጥ ሰው አለ፤ በጣም ያናድደኛል። ገዥዋ ቤቷ ገብታ ወጡን ስትሠራ ታውቀዋለች። ዳግመኛ አትመጣም፤ ለእህቷም ትነግራለች። እኔ «ሳሶ ነው፣ አራት ወር ሞልቶታል፣ ጓሮ ሲጭር ነው ያደገው» እላለሁ። በአራት ወሩ ሥጋው ጠንክሮ ለወጥ ይሆናል። ቶሎ ቶሎ አብልተው በሁለት ወር የሸጡት ግን ቁሌቱ ውስጥ ይፈርሳል። ሰው የፈረንጅ ዶሮን የሚጠላው በዚህ ይመስለኛል። ከእኔ የገዙ እናቶች «12 ብልቱ ሳይበታተን ወጣ» ብለው ሲነግሩኝ ከብሩ በላይ ደስ ይለኛል።

ቀለም መርጦ የሚመጣም አለ። ቀይ የሚል፣ ገብስማ የሚል፣ ነጭ ብቻ የሚል። ለምን ብዬ አልጠይቅም። መላጣ አንገቱን የሚወስድ ግን ጥቂት ነው፤ ኪሎው ጥሩ ቢሆንም ዝቅ ብሎ ይሸጣል። ጫጩት ስትመርጡ ይህን አስቡ።

አሁን ወደ ይሉኝታው። ያገኘሁት መላ ይህ ነው፦ ዋጋው ለሁሉም አንድ ነው፤ ለቅርብ ሰው የምሰጠው ቅድሚያ ነው። እኚያ ቡና ጎረቤቴ ሲመጡ «እማማ፣ ዋጋው ለሁሉም ያው ነው። እርስዎ ግን ከሰው ሁሉ ቀድመው ይምረጡ» እላቸዋለሁ። ገብተው፣ አገላብጠው፣ ዳብሰው የሚወዱትን ይመርጣሉ። እግሩ ላይ ክር እናስራለን። ክብር ተሰምቷቸው ይሄዳሉ፤ እኔም አልከሰርኩ። «መጨረሻውን ንገሪኝ» ለሚል ደግሞ መጀመሪያም መጨረሻም አንድ ዋጋ እንደሆነ በፈገግታ እነግራለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀን ከባድ ነው። አንዴ ለአንዱ ከቀነሳችሁ ግን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

መስጠት ስፈልግ እሰጣለሁ። አራስ ያለችበት ቤት፣ ሐዘን የደረሰበት ቤት ዶሮ ይዤ እገባለሁ። ግን ደብተሬ ላይ «ስጦታ» ብዬ እጽፈዋለሁ። በቅናሽ ስም አላደርገውም። ስጦታ ሲሆን ሰውዬውም ያውቀዋል፣ እኔም ምን ያህል እንደሰጠሁ አውቃለሁ። በአንድ ዙር ከሁለት አላልፍም።

ዱቤ የለም። ቀብድ አለ። በዓሉ ወር ሲቀረው 300 ብር በቴሌብር ያስገባ ሰው ዶሮው ተይዞለታል። ደብተሩ ላይ ስሙን፣ ቀለሙን፣ የሚወስድበትን ቀን እጽፋለሁ። ባለፈው ዓመት ደግሞ አምስት ጎረቤቶቼ ራሳቸው አንድ ሐሳብ አመጡ። በየሳምንቱ 200 ብር እየሰጡኝ በአምስት ሳምንት 1,000 ብር ሞላ፤ በበዓሉ ዋዜማ ልዩነቱን አስተካክለው ዶሮአቸውን ወሰዱ። «የዶሮ እቁብ» አሉት። ለእነሱ ወጪው በአንዴ አልከበዳቸውም። እኔም መኖውን በእጅ በእጅ ገዛሁበት። ግን የሰው ገንዘብ ይዛችሁ ዶሮው ቢሞትስ? ለዚህ ነው ከመንጋዬ አምስት ስድስቱን ለማንም ቃል ሳልገባ የማስቀምጠው።

እኔ የቆመ ዶሮ ብቻ ነው የምሸጠው። ወሎ ነንና ደንበኞቼ ክርስቲያንም ሙስሊምም ናቸው፤ አንዳንዱ ቤት ሁለቱም አለ። ቢላው የማን እንደሆነ ቀልድ አይደለም። ኮንዶሚኒየም ስለሚኖሩ ማረድ የማይመቻቸው አሉ። ለክርስቲያኑ ክርስቲያን፣ ለሙስሊሙ ሙስሊም ጎረቤት እጠራለሁ። እያንዳንዱ በራሱ ቢላ ያርዳል፤ የእጁንም ገዥው ለአራጁ ለራሱ ይከፍለዋል። ፍል ውሃውንም ለየብቻ ነው የማፈላው። ይህን በደንብ ስለያዝኩ ከሁለቱም ወገን ሰው ሳይሳቀቅ ይመጣል።

ስለ በሽታ አጭር ነገር ልበል፤ ዋጋን የሚበላው እሱ ነውና። ሁለተኛው ዙሬ ላይ አንድ አቅራቢ ተከትበዋል ብሎ የሰጠኝ ጫጩቶች አልተከተቡም ነበር። ፈንግል ገባና በሳምንት 19 ዶሮ ቀበርኩ። አሁን የክትባት ወረቀቱን ሳላይ አልገዛም፤ እኔም በጊዜው አስደግማለሁ። ገበያ ደርሶ የተመለሰ ዶሮ ከመንጋው ጋር አይቀላቀልም። አንቲባዮቲክ የወሰደ ዶሮ ደግሞ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን ሳያልፍ አይሸጥም፤ በዓሉ ነገ ቢሆንም። ልጆች የሚበሉት ምግብ ነው።

ዋዜማ ማታ ዶሮ ሲተርፋችሁ አትደንግጡ። ነጋዴው ያንን ድንጋጤ ጠብቆ ነው የሚመጣው። አንድ ቀን ማሳደር የሚያስወጣችሁን አስሉት፦ በእኔ ሂሳብ 10 ዶሮ በቀን አንድ ኪሎ መኖ ይበላል፤ 46 ብር። በአንድ ዶሮ 200 ብር ጥዬ ከምሸጥ ሁለት ሳምንት ባቆየው ይሻለኛል። ከገና የተረፈው ለጥምቀትና ለጥር ሰርግ ይሄዳል። ከእንቁጣጣሽ የተረፈው ለመስቀል። ከፋሲካ በኋላማ ሃምሳውን ቀን ረቡዕና ዓርብም ይበላል፤ ሰርጉም ይበዛል። በእውነት የምትደነግጡት ቅበላ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ 55 ቀን የክርስቲያኑ ደጅ ዝግ ነው።

እዚህ ላይ የሁለቱንም ቀን መቁጠሪያ መያዝ ይጠቅማል። በ2017ና በ2018 ሁዳዴና ረመዳን ተያይዘው ገቡ። ክርስቲያን ደንበኞቼ ሲጾሙ ሙስሊሞቹ ለማፍጠሪያ እየገዙ ያንን ጊዜ ተሻገርኩ። ረመዳን ግን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ይገባል። በ2019 ሁዳዴ የሚገባው የካቲት 29 ነው። ጨረቃዋ የምትወስነው ቢሆንም ረመዳን ያን ሰሞን ይጠናቀቃል። ቅበላውና ኢድ አልፈጥር በአንድ ሳምንት ይገናኛሉ ማለት ነው። ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ዶሮ ይፈለጋል፤ ከዚያ እስከ ፋሲካ ገበያው ይቀዘቅዛል።

ከየካቲት 28 ወደ ኋላ 75 ቀን ስቆጥር ታህሳስ 13 ይመጣል። ጫጩቶቹ በዚያ ቀን እጄ መግባት አለባቸው፤ ለጫጩት ወኪሉ ቀብድ የምሰጠው ህዳር መጀመሪያ ነው። ቤቱ ግን ያኔ በገና ዶሮዎች ተይዟል። ትንንሾቹን ከትልልቆቹ መቀላቀል በሽታ መጥራት ነው። ስለዚህ ዝናቡ ሳይገባ ከግንቡ ጥግ ሁለተኛ ክፍል እያሠራሁ ነው። ቆርቆሮው ተገዝቷል። ወጪውንም ደብተሬ ላይ በአዲስ ገጽ፣ ለ15 ዙር አካፍዬ ጽፌዋለሁ።