ላፕቶፑ ነው ያረጀው ወይስ አንድ ዕቃው?

ላፕቶፕ መንቀራፈፍ ሲጀምር ብዙዎቻችን ቶሎ ብለን «በቃ አርጅቷል፣ አዲስ ልግዛ» እንላለን። እኔም ብዬ ነበር። የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኜ፣ ሌላ ሥራ ሠርቼ ስመለስ ገና እየተነሳ አገኘው ነበር። አንድ ፋይል ለመክፈት እንኳ መቀመጥና መጠበቅ ነው። ልጥለው ስል አንድ ወዳጄ «ሃርድ ዲስኩን ብቻ ቀይረህ እየው» አለኝ። ቀየርኩት። በዚያው ላፕቶፕ ሌላ ሦስት ዓመት ሠራሁበት።

ከዚያ ወዲህ «ልጠግነው ወይስ ልቀይረው?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ወዲያው መልስ አልሰጥም። መጀመሪያ የትኛው ዕቃ እንደታመመ እንይ እላለሁ። አንድ ዕቃ ብቻ የደከመበትን ደህና ላፕቶፕ የሚጥል ሰው ብዙ ነው፤ ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚያያዝበት ዋናው ሰሌዳ፣ ያለቀለትን ላፕቶፕ ደግሞ ደጋግሞ እያስጠገነ ገንዘቡን የሚጨርስም አለ።

ከምርመራው በፊት ግን ፋይላችሁን ገልብጡ። ነገ ሳይሆን ዛሬ። ፎቶውን፣ ሰነዱን፣ የሥራ ፋይሉን ሁሉ ወደ ውጫዊ ዲስክ፣ ከተቻለ ደግሞ ኢንተርኔት ላይም አንድ ቅጂ አስቀምጡ። ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማ ምንም ዓይነት ምርመራ አትጀምሩ፤ ያለችውን ትንሽ ዕድሜ ፋይል ለማውጣት ተጠቀሙባት። ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላም ነገር አለ። ዊንዶውሳችሁ ዲስኩን ቢትሎከር በሚባለው የራሱ መቆለፊያ ቆልፎት ከሆነ፣ ማዘርቦርድ ሲቀየር ወይም ዲስኩ ወደ ሌላ ማሽን ሲገባ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃችኋል። ያ ቁጥር ከሌለ ዳታው ጤነኛ ሆኖ እያለ አይከፈትም። አሁኑኑ ፈልጉትና ወረቀት ላይ ጻፉት።

አሁን ወደ ምርመራው። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ግቡና እንደ ወትሮው እየሠራችሁ ቁጥሮቹን ተከታተሉ። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተቸክሎ ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የማሽኑ አንጎል (ሲፒዩ)፣ ሥራ ፈትቶ ከተቀመጠ ችግሩ ዲስኩ ነው። ሜሞሪው ከ90 በመቶ የማይወርድ ከሆነ ራም፣ ማለትም የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ አንሶታል። ፕሮሰሰሩ ራሱ ሁሌም ጫፍ ላይ ከሆነ መጀመሪያ የትኛው ፕሮግራም እንደሚበላው እዩ። ቫይረስ ወይም ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚነሳ የማትፈልጉት ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። ያም ካልሆነ ፕሮሰሰሩ ለሥራችሁ አይበቃም ማለት ነው፤ የአብዛኛው ላፕቶፕ ፕሮሰሰር ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይቀየርም።

ዲስኩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው እሱ ነው። የድሮው ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህንና በላዩ የሚመላለስ ማንበቢያ አለ። ማሽኑ ሲነሳ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ከዚህም ከዚያም ይለቅማል፣ ለእያንዳንዱ ማንበቢያው ቦታውን ፈልጎ መድረስ አለበት፣ ያ ፍለጋ 10 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይፈጃል፤ ተደምሮ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ መጠበቅ የሚመጣው። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ የዲስክ ዓይነት ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ከሃርድ ዲስኩ ጋር በአንድ መሰኪያ የሚገባው ተራ ኤስኤስዲ እንኳ በሰከንድ 500 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፤ የድሮው ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ 100 አካባቢ ነው። ላፕቶፓችሁ እስካሁን በሃርድ ዲስክ የሚሠራና ሌላው ዕቃው ጤነኛ ከሆነ፣ ስለ አዲስ ማሽን ከማሰባችሁ በፊት ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀይሩት። የትኛው እንዳላችሁ ካላወቃችሁ አዲሶቹ ዊንዶውሶች እዚያው ታስክ ማናጀር ላይ ይጽፉላችኋል።

ራምም እንዲሁ ርካሽ መፍትሔ ነው፣ ከተቻለ። በ4 ጊጋባይት ዛሬ ብሮውዘር ከፍቶ መሥራት ስቃይ ነው። 8 ለተለመደ ሥራ ያስኬዳል፣ 16 ያስደስታል። ችግሩ በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ የተበየደ መሆኑ ነው። በ2020 ከወጣው ኤም1 ከሚባለው የአፕል ፕሮሰሰር ጀምሮ በሁሉም ማክቡኮች ላይ ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የታሸገ ስለሆነ መጨመር አይታሰብም። ስለዚህ ራም ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴላችሁን የጥገና መመሪያ አንብቡ። ዴል፣ ኤችፒ እና ሌኖቮ ለብዙ ሞዴሎቻቸው መመሪያውን በነፃ ያወጣሉ፤ አይፊክስኢት በሚባለው የጥገና ድረ ገጽ ላይም እያንዳንዱ ብሎን የት እንዳለ በፎቶ የሚያሳዩ ትምህርቶች አሉ።

ስትከፍቱት ፈጥኖ ከቆይታ በኋላ የሚንቀራፈፍ ከሆነ፣ ፋኑም እየጮኸ ከሆነ፣ የሙቀት ችግር ሊሆን ይችላል። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አቧራውን አስጠርጉ፣ የደረቀውን የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት አስቀይሩ። ከጥገናዎች ሁሉ ቀላሉ ይህ ሆኖ ሳለ ሰው የሚያስታውሰው መጨረሻ ላይ ነው።

ባትሪ የሚያልቅ ዕቃ ነው። አብዛኛው የላፕቶፕ ባትሪ ከ300 እስከ 500 ሙሉ ቻርጅ ካየ በኋላ አቅሙ በግልጽ ይወርዳል፣ ስለዚህ ባትሪ ደከመ ተብሎ ላፕቶፕ አይጣልም። ካበጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ታችፓዱ ወደ ላይ ከተገፋ ወይም የታችኛው ሽፋን ከተነፋ ወዲያው አጥፉት፣ ቻርጅ አታድርጉት፣ አትጫኑት፣ አትብሱት። ሊቀጣጠል ይችላል። ለባለሙያ ስጡት።

ሰዓቱና ቀኑ በየጊዜው ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአንዲት ትንሽ ክብ ባትሪ ነው። በዚህ ሰበብ ማሽን የቀየረ ሰው አውቃለሁ፤ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ዕቃው ሁሉ ደህና ሆኖ ሶፍትዌሩ የሚከዳበት ጊዜም አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፣ ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችንም አይቀበልም። ይህ ማለት ግን ማሽኑ ሞተ ማለት አይደለም። ሥራችሁ ብሮውዘር፣ ጽሑፍና ቪዲዮ ከሆነ በዊንዶውስ ምትክ የሚሠራውን ነፃ ሥርዓት ሊኑክስ ሚንትን ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ምንም ሳትነኩ ሞክሩት። የግድ ዊንዶውስ የሚፈልግ ፕሮግራም ካላችሁ ብቻ ነው ማሽኑን መቀየር ግዴታ የሚሆነው።

እንግዲህ መቼ ነው እጅ የሚሰጠው? ለእኔ መስመሩ ማዘርቦርዱ ነው። በተለይ ውሃ ወይም ሌላ ፈሳሽ የገባበት ማዘርቦርድ። ዛሬ ተጠግኖ ቢነሳም ዝገቱ ውስጥ ውስጡን ይሄዳል፣ ከወራት በኋላ ሌላ ቦታ ላይ ሊያበላሸው ይችላል። ማጠፊያው ተገንጥሎ ስክሪኑንም ይዞት ከሄደ፣ ወይም ሁለት ትልልቅ ዕቃዎች በአንዴ ከወደቁ፣ እኔ አላስጠግንም።

በመሀል ላለው ጉዳይ ግን ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ልኬት አለ፦ የጥገናው ዋጋ የምትክ ማሽን ዋጋ ግማሽ ከደረሰ ተዉት። ልኬቱ ጥሩ ነው፣ ግን ከምን ጋር እንደምታነጻጽሩ ተጠንቀቁ። ስትመኙት ከኖራችሁት ውድ ላፕቶፕ ጋር ሳይሆን የእናንተን ሥራ ከሚሠራው ጋር ነው የሚነጻጸረው፤ ያገለገለም ቢሆን። ሌላው የሚጎዳን ነገር በየተራ መክፈል ነው። ዘንድሮ ስክሪን፣ ከወራት በኋላ ኪቦርድ፣ ከዚያ ቻርጅ መሰኪያው። እያንዳንዱ ለብቻው ትንሽ ይመስላል። ስለዚህ ባለሙያውን «ይህን ብትሠራልኝ ቀጥሎ ምን ሊበላሽ ይችላል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት፣ መልሱንም ደምሩት። አምና የከፈላችሁትን ግን ሂሳቡ ውስጥ አታስገቡ። እሱ ሄዷል።

ጥገና ስትሰጡ ዋጋውን ከመፈታቱ በፊት ተነጋገሩ። የወጣውን አሮጌ ዕቃ እንዲመልስላችሁ ጠይቁ፣ የስንት ጊዜ ዋስትና እንዳለውም አስጽፉ። ችግሩ ስክሪን ወይም ኪቦርድ ከሆነና ዲስኩ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ፣ ዲስኩን አውጥታችሁ ቤት አስቀሩት። ፓስወርድ መስጠት የግድ ከሆነ ምንም ፋይል የሌለው ሌላ አካውንት ከፍታችሁ የእሱን ስጡ።

አዲስ ለመግዛት ከወሰናችሁ ራሙ የሚጨመር፣ ዲስኩና ባትሪው የሚቀየር ሞዴል ፈልጉ፤ ከአራትና አምስት ዓመት በኋላ ይህንኑ ጥያቄ ስትጠይቁ መልሱ የሚቀልላችሁ ያን ጊዜ ነው። የአሮጌውን ኤስኤስዲ አትጣሉት፣ መያዣ ገዝታችሁ ውጫዊ ዲስክ አድርጉት። ማሽኑን ለሰው የምትሰጡ ወይም የምትሸጡ ከሆነ ከአካውንቶቻችሁ ሁሉ ውጡ፣ ዲስኩ ላይ ያለውንም ሁሉ በደንብ አጥፉት። ፋይሉን ወደ ትራሽ መወርወር ብቻ አይበቃም፣ ሌላ ሰው በቀላሉ መልሶ ያወጣዋል። ባትሪውን ደግሞ ከቆሻሻ ጋር አትቀላቅሉት፤ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ለሚሰበስብ ስጡ።