የወደቃችሁበትን የፈተና ወረቀት እንዴት ትጠቀሙበታላችሁ

አንደኛ ዓመት ሳለሁ የሒሳብ ሚድ ከ30 11 አመጣሁ። ወረቀቱን ለሁለት አጥፌ ደብተሬ ውስጥ ወሸቅኩት። ነገ አየዋለሁ እያልኩ ፋይናል ደረሰ። ፋይናል ላይ ምን መጣ መሰላችሁ? ሚድ ላይ የሳትኩት ጥያቄ 4፣ ቁጥሩ ብቻ ተቀይሮ። ደግሜ ሳትኩት። ከመውደቄ በላይ የሚቆጨኝ ያንን ወረቀት አለመክፈቴ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀቱን እዩት። ብዙ መምህራን ውጤት ከለጠፉ በኋላ ወረቀት የሚያሳዩበት ሰዓት ይናገራሉ። የሚሄደው ግን ማነው? ቢ ፕላሱን ወደ ኤ ሊያስጠጋ የፈለገ ቸካይ። የወደቀው አፍሮ ዶርም ተኝቷል። ሂዱ። ስትገቡ "ማርክ ይጨመርልኝ" አትበሉ፣ "መምህር፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?" በሉ። ወረቀቱን ይዛችሁ መውጣት ካልተፈቀደላችሁ የሳታችኋቸውን ጥያቄዎች ገልብጡ።

ከዛ ስህተቱን በሦስት ክፈሉት፦ ጭራሽ ያላየሁት፣ አንብቤው የጠፋኝ፣ እያወቅኩት የተሳሳትኩት። እኔ ይሄን ያደረግኩት ዘግይቼ፣ ክረምት ላይ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ካጣሁት 19 ማርክ 10ሩ ካልከፈትኩት ምዕራፍ የመጣ ነበር። 6ቱ አንብቤው የጠፋኝ፣ 3ቱ ደግሞ ፕላስና ማይነስ ያቀያየርኩበት። እኔ እኮ "ሒሳብ አይገባኝም" እያልኩ ነበር የማወራው! ያልከፈቱት ነገር እንዴት ይገባል?

እያወቃችሁ ለተሳሳታችሁት መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አዳር ማጥናት ቀንሱ፣ መጨረሻ ላይ 5 ደቂቃ አስቀርታችሁ መልሳችሁን እዩ።

አንብባችሁ ለጠፋባችሁ ግን ሀንድአውቱን ደጋግሞ ማንበብ አያዋጣም። አሜሪካ ውስጥ ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት አንዱ ቡድን ጽሑፉን አራት ጊዜ አነበበ፣ ሌላው አንዴ አንብቦ ሦስት ጊዜ ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን እነሱ 40 በመቶ አካባቢ ሲያስታውሱ ሌሎቹ 61 በመቶ አስታወሱ። የሚሸውደን ያቺ የ5 ደቂቃዋ ነች፤ አንብበን ስንነሳ ያወቅነው ይመስለናል። ሀንድአውቱን ዝጉ፣ ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሱትን ጻፉ፣ ከዛ ከፍታችሁ አስተያዩ።

ትልቁ ጣጣ ያልከፈታችሁት ነው፤ ነገ፣ ነገ ያላችሁት። ይሄን ስንፍና ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። እኔ ላይብረሪ የምገባው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነበር። እስክሪብቶ አወጣለሁ። ደብተር አስተካክላለሁ። ከዛ ሀንድአውት ላውርድ ብዬ ቴሌግራም እከፍታለሁ፣ የባቹ ግሩፕ ላይ አንዱ ቀልድ ለጥፏል፣ ስቄ ቀና ስል 3 ሰዓት ተኩል። የምሸሸው ሥራውን አልነበረም፣ "አልችለውም" የሚለውን ስሜት ነበር። ስለዚህ ፋይሉን ቀን አውርዳችሁ የምትፈልጉትን ገጽ ፎቶ ኮፒ አስደርጉ፤ ስልኩን ለዶርም ጓደኛ ስጡ። (ጓደኛችሁ ራሱ ቲክቶክ ላይ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።)

"ካልኩለስ አጠናለሁ" ብላችሁም አትቀመጡ፣ ከየት እንደሚጀመር አይታወቅም። "የወርክሺት 2ን ጥያቄ 4 እሠራለሁ" በሉ። 25 ደቂቃ ሙሉ፣ ከዛ 5 ደቂቃ እረፍት። ፖሞዶሮ የሚባለው ይሄ ነው፤ ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለ ጣልያናዊ ተማሪ ሳለ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቲማቲም በሚመስል የኩሽና ሰዓት ነው የጀመረው።

አንድ የራሴ ዘዴም አለችኝ። ወርክሺት ሲሰጣችሁ ጫፉ ላይ ሁለት ቀን ጻፉ፦ የተሰጠኝ፣ የከፈትኩት። የኔ የመጀመሪያው "ኅዳር 3፣ ኅዳር 17" ይላል። አስረክቡ የተባልነው ኅዳር 18 ነው። አሁን የማሳድደው ማርኩን ሳይሆን በሁለቱ ቀናት መካከል ያለውን ርቀት ነው። በተሰጠበት ቀን ስማችሁን ጽፋችሁ የመጀመሪያውን ጥያቄ ብትገለብጡ እንኳ ተከፍቷል ማለት ነው።

ራሳችሁን ስትረግሙ አትክረሙ። ካናዳ ውስጥ ካርልተን ዩኒቨርሲቲ በ119 የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ለመጀመሪያው ፈተና ጥናት በማዘግየታቸው ራሳቸውን ይቅር ያሉት ለሁለተኛው ያነሰ እንዳዘገዩ አሳይቷል። ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ማመን አለ፣ ከዛ መተው አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ ስንቱ በሪሜዲያል (ነጥብ ላልሞላላቸው በሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) ገብቶ ዛሬ ሲኒየር ሆኗል።

ያ የሒሳብ ወረቀት አሁንም አለኝ። ጥያቄ 4 ላይ ትልቅ ቀይ ኤክስ አለ፣ ከጎኑ ክረምት ላይ በእርሳስ የሠራሁት መልስ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀብኝም ጽፌበታለሁ፦ 7።