ሽፈራውን ከፍሬ ማብቀል (ውሃ አታብዙበት!)

ሞሪንጋ እየተባለ ዱቄቱ በትንሽዬ ፓኬት በውድ የሚሸጠው ዛፍ የኛው ሽፈራው ነው እኮ፣ ጋሞዎቹ ሃለኮ ይሉታል፣ ኮንሶ ደግሞ ግቢው ውስጥም እርከኑ ላይም ታገኙታላችሁ፣ ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለው ከኩርኩፋ (ከእህል ዱቄት ተድቦልቡሎ የሚቀቀል ምግብ) ጋር ይበሉታል። ከፍሬ ማብቀሉ ቀላል ነው። የሚከብደው በቅሎ ካየነው በኋላ እጃችንን መሰብሰብ ነው።

ፍሬ ስትገዙ የየትኛው እንደሆነ ጠይቁ፣ የኛው ሽፈራውና የህንድ ዘመዱ ሁለቱም ሞሪንጋ ነው የሚባሉት። የኛው ነጣ ያለና ተለቅ ያለ ነው፣ የህንዱ ጠቆር ብሎ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ሁለቱም ወረቀት የመሰለ ክንፍ አላቸው። ዘንድሮ የተለቀመ ከሆነ በጣም ጥሩ፣ ከዓመት በላይ የተቀመጠ ግን ብዙው አይበቅልም። አንዳንዱ ሰው ውሃ ውስጥ ክተቱትና የተንሳፈፈውን ጣሉ ይላል፣ እኔ አልስማማም፣ ቅርፊቱ ቀላል ስለሆነ ደህናውም ይንሳፈፋል። በጣታችሁ ጫን በሉት፣ ባዶ ከሆነ ወዲያው ይሰረጉዳል።

አንድ ሌሊት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። መትከያው ጠለቅ ያለ መሆን አለበት ምክንያቱም ሥሩ እንደ ካሮት ወፍሮ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው፣ እኔ የ2 ሊትር ሃይላንድ አናቱን ቆርጬ ታቹን በጋለ ሚስማር አምስት ስድስት ቦታ በስቼ ነው የምጠቀመው። አፈር ሁለት እጅ፣ አሸዋ አንድ እጅ፣ የበሰበሰ ፍግ ወይ ኮምፖስት አንድ እጅ። ፍሬውን 2 ሴንቲ ያህል ቅበሩት፣ አንዴ በደንብ አጠጡና ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፣ በቅሏል አልበቀለም እያላችሁ አትቆፍሩት።

የመጀመሪያ ጊዜ እዚህ አዳማ 12 ተክዬ 10ሩ በቀሉልኝ፣ ደስ ብሎኝ ጠዋት ማታ ሳጠጣ ሳጠጣ ግንዳቸው አፈሩ ጋ ሲደርስ እየቀጠነ አንድ በአንድ ዘጭ ዘጭ አሉ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድም አልተረፈ። ውሃ አንሷቸው መስሎኝ የመጨረሻዎቹን ጭራሽ ጨመርኩላቸው! አሁን ጣቴን አፈሩ ውስጥ እከታለሁ፣ እስከ አንጓዬ ደረቅ ካልሆነ ጆጉን አላነሳም፣ በቃ።

አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ብርዱን አስቡበት። ሽፈራው የለመደው ሞቃቱ አርባ ምንጭ ከባህር ወለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ ነው፣ አዲስ አበባ 2,300ን ያልፋል፣ ስለዚህ ጥቅምትና ህዳር ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡት፣ እንደዛም ሆኖ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው።

ሚያዝያ ላይ ከተከላችሁ ሐምሌ ዝናቡ ሲገባ ወደ መሬት ማዛወር ይቻላል። ሃይላንዱን በምላጭ ሰንጥቁት እንጂ ችግኙን ጎትታችሁ አታውጡ፣ ሥሩ ከተቆረጠ ያኮርፋል። ውሃ የሚያቁር ዋልካ መሬት ላይ አትትከሉት፣ ሌላ ቦታ ከሌላችሁ አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ ቆልሉና እላዩ ላይ ትከሉት። ፍየል ካለ እሾህ አጥሩለት፣ ለፍየል ምሳ ነው።

ደረታችሁ ጋ ሲደርስ አናቱን ቁረጡት፣ ሆዳችሁ እሺ አይልም ግን ካልቆረጣችሁት ቅጠሉ እጃችሁ የማይደርስበት ሰማይ ላይ ይወጣል፣ ከተቆረጠ ጎን ለጎን ያቆጠቁጣል። ቅጠሉን ጥላ ውስጥ አድርቁት፣ ፀሐይ ላይ ከሆነ አረንጓዴነቱ ይሄዳል። ሥሩን ግን ለመድኃኒት ብላችሁ እንዳትነኩት፣ መርዝነት አለው። እርጉዝ የሆነች ሴት፣ የስኳር ወይ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድም ሰው ዱቄቱን በየቀኑ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፣ ስኳሩንም ግፊቱንም ዝቅ ሊያደርገው ስለሚችል ከኪኒኑ ጋር ሲደራረብ ጥሩ አይደለም።